ዶሮ ወይስ ዓሣ

ስዊድን ውስጥ፣ ሁዲንጌ ባቡር ጣቢያ ላይ ሁለት ፖሊሶች «እባክህ፣ አብረኸን ና» አሉኝ። ትሕትናቸው! አንደኛው ቦርሳዬን ሲፈትሽ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ዜግነትን እንዴት እንደሚያስተምሩ የጻፍኩትን ጥናት አገኘ። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ደስ የሚል ርዕስ ነው» ብሎ በካቴና አሰረኝ። አገሬ ብመለስ የሚጠብቀኝ እስር ቤት ነው፤ አብረውኝ ጋዜጣ ላይ የጻፉት ጓደኞቼ እዚያው ናቸው። ጥገኝነት ስጠይቅ ይህንን ሁሉ ተናግሬ ነበር። «ስጋቱ በቂ አይደለም» ተባልኩ።

ፎርቫር የሚሉት ተባራሪ የሚቆይበት ቤት ነው። ንጹሕ አንሶላ፣ የማይከፈት መስኮት፣ ቀኑን ሙሉ የበረኪና ሽታ። እስረኛ አይሉንም፤ «ተቀማጭ» ነን። ተቀማጭ! ወይ ጉድ።

አንድ ክፍል አብረውኝ ያሉት ሰውዬ ሆስፒታል በጽዳት ሲሠሩ የኖሩ ያገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት «ነገ ትሳፈራለህ» አሏቸው። ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር ከአክስቷ ጋር የምትኖር ልጅ አለቻቸው። ትምህርት ቤት ስለሆነች ስልኳ ዝግ ነው። ወጥታ እስክትደርስ የጥየቃ ሰዓት ያልፋል።

«አንድ ሰዓት ቢጨምሩልኝ ምን ይጎዳቸዋል?» አሉኝ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ እጠይቅልዎታለሁ።»

የዚያኑ ዕለት አንዲት አስተማሪ ተማሪዎቿን ይዛ መጣች፤ ዴሞክራሲን በተግባር ሊያዩ! የቤቱ ኃላፊ ሳምንታዊ ስብሰባችንን ሊያሳያቸው ቋምጧል። ስብሰባው አርብ ዶሮ ይሠራ ወይስ ዓሣ ብለን እጅ የምናወጣበት ነው።

«አንተ እኮ የወጣቶች ተሳትፎ ባለሙያ ነህ፤ ምራልን» አለኝ።

መራሁ። ከሁሉ በፊት ያነሣሁት የጋሼን አንድ ሰዓት ነበር።

«እሱ ለዚህ ስብሰባ አይቀርብም» አለ ኃላፊው፣ ያ ፈገግታው እንዳለ። «ዶሮ የሚል?»

ማንም እጁን አላወጣም።

«ዓሣስ?»

ሶማሌው፣ አፍጋኑ፣ ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ያን ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዷ እጇን አወጣች።

«እኔ ለአንድ ሰዓቱ ነው» አለች።

አስተማሪዋ ፊቷ ቀላ። የልጅቷን ክንድ ይዛ አወረደችው። «እኛ እንግዶች ነን፤ ድምፅ የለንም» አለቻት። ኃላፊውማ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ጋሼ ተነሡ። የጃኬታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉና በአማርኛ «እግዜር ያክብርሽ ልጄ» ብለው ከወገባቸው ዝቅ አሉላት። ልጅቷም ቃሉ ሳይገባት ብድግ ብላ እጅ ነሣች። ኃላፊው «ዓሣ» ብሎ ጻፈ።

ልጃቸው እያለከለከች የደረሰችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ብትለምን ብትለምን አላስገቧትም። ጠዋት ወሰዷቸው።

የኔ ጉዳይ እንደገና ታይቶ ተለቀቅኩ፤ ዛሬም የማጠናው ያንኑ ነው። የጋሼ ልጅ አድጋለች፣ ዜግነት አላት፣ ግን መርጣ አታውቅም። ባልደረቦቼ እንዲህ ያለውን ወጣት «ፍላጎት የሌለው» ብለው ይመድቡታል፣ ቡናቸውን እየጠጡ። እኔ ያንን ቃል አልጽፈውም። አንድ ቀን ለምን እንደማትመርጥ በአማርኛ ጠየቅኳት። እንደ ልማዷ በስዊድንኛ መለሰችልኝ።

«አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የለመንናቸው።»