ተመልሶ የመጣው ላፕቶፕ

ኢናስ መጀመሪያ ላፕቶፑን በተጣጠፈ ፎጣ ላይ በግንባሩ ደፋችው። ብሎኖቹን በትንሿ ካቻቢቴ አንድ በአንድ ፈታችና በነበሩበት ቅደም ተከተል ማግኔት ላይ ደረደረቻቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን በስቶ ይወጣል። የታችኛውን ሽፋን በጥፍሯ ዙሪያውን እያላቀቀች አነሳች። የባትሪውን ገመድ ነቀለች። ከዚያ የቻርጅ መሰኪያውን በወረንጦ ያዝ አድርጋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ወዘወዘችው። ንቅንቅ አላለም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ መሰኪያው ላይ፣ ሌላውን ማዘርቦርዱ ላይ አሳረፈች። ጢጥ አለ፤ መስመሩ አልተቋረጠም ማለት ነው። ገመዱን እያጠማዘዘች ደገመችው፤ አሁንም ጢጥታው አልተቆራረጠም። ባለፈው ሳምንት የበየደችው ነው፣ ዛሬም ያብረቀርቃል።

"ታዲያ ምን ሆኖ መጣ?" አለች ለራሷ።

"ተመልሶ ነው የመጣው" አለ አባቷ ሀሰኖ ከኋላዋ፣ የመጀመሪያዋን ቃል እንደ ከረሜላ እያላመጣት። "ተ-መል-ሶ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀሰኖ ቡራዩ ውስጥ ባልዲ፣ ብርጭቆ፣ ፔርሙዝና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ስትወጣ በመስኮቱ በኩል አንድ ጠረጴዛ ሰጣት። ሰጣት ማለት አዋሳት ማለት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ዓይኑ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ መንገደኛ የሚያየው መስኮቱን ነው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ፔርሙዝ መታየት አለበት። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አንድ ቃል ተገባቡ፤ ኢናስ የሠራችው ዕቃ ተበላሽቶ እስካልተመለሰ ጠረጴዛው የእሷ ነው። አንድ ከተመለሰ ግን መበየጃዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ።

ዛሬ ደንበኛዋ ዮፍታሔ ባለፈው ሳምንት ያሠራውን ላፕቶፕ አቅፎ ሲገባ ሀሰኖ ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። በቀጥታ ፔርሙዞቹን መወልወል ጀመረ።

ኢናስ ላፕቶፑን ገጠመችና የራሷን ቻርጀር ሰካችበት። መብራቱ በራ። አንዴም አልጠፋ።

"ይኸው እየሞላ ነው" አለችው።

"እዚህማ ይሞላል!" አለ ዮፍታሔ። "ቤት ነው እንጂ እምቢ የሚለው። ልክ ልጅ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚጠፋው።"

"የራሱ ቻርጀርስ?"

"እሱ አይነካም።"

"ምን ማለት ነው አይነካም?"

"በስንት መከራ አመቻችቼ ያስቀመጥኩትን! አንዴ ከተነቃነቀ መልሼ አላገኘውም፣ ኢናስዬ።"

ወረንጦዋን አስቀምጣ ላፕቶፑን አነሳች። "ተነስ። ቤት እንሂድ።"

"እኔም እመጣለሁ" አለ ሀሰኖ። "ዳኛ ያስፈልጋል።" ሱቁን ለጎረቤቱ ለኦቦ ሞቲ አደራ ሰጠና ባጃጁ ውስጥ ቀድሟቸው ገባ።

የዮፍታሔ ቤት ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ። ሚስቱ ዕድላዊት በሩን ከፍታ "እባካችሁ በግራ በኩል እለፉ" አለቻቸው፣ ቀኙ የቻርጀሩ ግዛት ነውና። ወለሉ ላይ ባለ አራት ቀዳዳ ዲቫይደር ተጋድሟል። ቻርጀሩ ከጫፉ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ፣ ጎኑ በክብሪት እንጨት ተወጥሮ፣ በላዩ ላይ የእንጨት ሙቀጫ ተቀምጦበታል።

"ሙቀጫው ትንሽ ወደ በሩ ዘንበል ማለት አለበት" አለ ዮፍታሔ በባለሙያ ድምፅ። "ካልዘነበለ አይሞላም።"

"ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ስፈልግ ላፕቶፑ ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ ነው የምጠይቀው" አለች ዕድላዊት። "ወጡ የሚዘገየው በእኔ አይደለም።"

ኢናስ ሙቀጫውን አነሳችው። ባልና ሚስት እኩል "ውይ!" አሉ። ቻርጀሩን ነቀለችና ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ሰክታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው። የላፕቶፑ መብራት በራ፤ ገመዱን ብታወዛውዘውም አልጠፋም። መልሳ ዲቫይደሩ ላይ ሰካችውና በጣቷ ነካ አደረገችው። በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቅላ በካቻቢቴዋ ከፈተችው። የውስጡ መዳብ ላልቶ ከመከፈቱም በላይ ጫፉ ጠቁሯል።

"የላላው ሁለት ቦታ ነበር" አለች። "አንተ ያመጣህልኝ አንዱን ብቻ ነው። ይሄ የጠቆረው ደግሞ አንድ ቀን ቤቱን ያቃጥለው ነበር።"

"እኔኮ የምወቅሰው ላፕቶፑን ነው" አለ ዮፍታሔ። "የማየው መብራት እሱ ላይ ስላለ።"

ሀሰኖ ዲቫይደሩን ተቀብሎ ገለባበጠው። ጉሮሮውን ጠረገ። "የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው። ከየትም የሚለቃቅም ነጋዴ…"

"ጋሽ ሀሰኖ" አለች ዕድላዊት በትህትና፣ "ከእርስዎ ሱቅ እኮ ነው የገዛሁት። 'ለልጅ ልጅ ይተርፋል' ብለው የመረቁልኝ እርስዎ አይደሉም?"

ዮፍታሔ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ኢናስ ብሎኖቹን መልቀም ያዘች።

ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሀሰኖ እንደገና ሞከረ፤ "ላፕቶፑ ግን ተመልሶ መጥቷል።"

"አባ፣ የተበላሸው የማን ዕቃ ነው?"

"እኔ ሱቅ 'የተሸጠ ዕቃ አይመለስም' ተብሎ ተለጥፏል።"

"እሱን ለዕድላዊት ንገራት። በሙቀጫው ነው የምትመልስልህ።"

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ሀሰኖም ትንሽ ታግሎ ተሸነፈና ሳቀ። በማግስቱ ለዕድላዊት ሌላ ዲቫይደር ላከላት። ጠረጴዛው ከኢናስ ጋር ቀረ፤ ሥራ ግን ተጨመረባት። አሁን አንድም ዲቫይደር በእሷ ቴስተር ሳይፈተሽ አይሸጥም፣ አባቷም ለገዢ ሁሉ "ልጄ የፈተነችው ነው" ይላል፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሱ እንደነበረ ሁሉ።

ኢናስ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። ላፕቶፕ አልሞላ ሲላችሁ መጀመሪያ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት። ካልሆነ ግን ላፕቶፑን ብቻ አቅፋችሁ አትምጡ፤ ቻርጀሩንም፣ ዲቫይደሩንም፣ ያስደገፋችሁበትን ድንጋይም ሆነ ሙቀጫ አብራችሁ አምጡላት። ዲቫይደሩ ከአባቷ ሱቅ የተገዛ ከሆነ ደግሞ፣ ስትገቡ በፌስታል ሸፍኑትና በቀጥታ ወደ መስኮቱ እለፉ።