የአያ አለምነው ጾም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ከትክል ድንጋይ ገጠር የመጡ አንዲት ሴት ጎልማሳ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። መድኃኒት ሻጯ ሁለት ዓይነት ኪኒን ስትሰጣቸው አንዱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ምነው ልጄ፣ ሌላ በሽታ ወጣበት እንዴ?» አሉ። እናቴ ከመቃብር ተነሥታ የተናገረች መሰለኝ።

አያ አለምነው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ጎንደር እየተማርሁ፣ እሱ አገር ቤት ኮሶዬ ከአባታችን ጋር እያረሰ ሳለ ስኪዞፍሬንያ ያዘው። እኛ ከማናያቸው ሰዎች ጋር ይሟገት ነበር። ጠበሉም ሐኪሙም ተሞክሮ፣ በመድኃኒት በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ጠፋለት። ተመስገን አልን። ግን ድምፁ ሲሄድ ወንድሜም አብሮ የሄደ መሰለ። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር ይውላል፤ ካልቀሰቀሱት እህል አይቀምስም። ሌላው ገና በሬ ሲጠምድ እሱ ግማሹን ማሳ የሚጨርስ ሰው ነበር። አባታችን ታግሦ ታግሦ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አልፎም ሞፈር ካልጨበጠ መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጣለሁ አለ። በእኛ አገር መሬቱ ዓይኑ እያየ የተሰጠበት ወንድ፣ ከዚያ በኋላ ምክርም አይጠየቅ።

ያኔ ወደ ሐኪሙ መልሰን ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። አባታችንን ትቶ ወንድሜን ምን እንደናፈቀው ጠየቀው። አያ አለምነው «ማረስ» አለ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሳይነካ ጠዋት ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ሌላ ጨመረበት። እናቴ «ሌላ በሽታ ወጣበት እንዴ?» ብትለው፣ በሽታው ያው አንድ ነው፤ ያኛው ለድምፁ፣ ይኼኛው ለድብታው ነው ብሎ አረጋጋት። አንዳንዱን ሰው እንደሚያነሣው፣ አንዳንዱን ግን ምንም እንደማያደርገው፣ ካልበጀም መድኃኒቱን እንደሚያቆምለት ሳይደብቅ ነገረን። ወንበር ላይ ተቀምጦ «አላውቅም» የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝምና እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ችግሩ ሁዳዴ መግባቱ ነበር። ወንድሜ ጠዋት አልበላም አለ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ብንለው «ድምፁ ከሄደ እኔ ምን ሆንሁና?» ይላል። እንደ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር የቀረው ጾሙ ነበር፤ እሱንም ልንወስድበት ነው። ይህ ግን ያኔ አልገባንም፤ ግትርነት መሰለን። እናቴ የንስሐ አባታችንን መምሬ ፈንታን አስጠራች።

መምሬ በዚያ በኮሶዬ ነፋስ እየሳሉ መጡና ከግድግዳው ሥር አጠገቡ ተቀመጡ። እኛ ተግሣጽ ስንጠብቅ እሳቸው የመድኃኒቱን አወሳሰድ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ጾሜ ይጎድልብኛል ብለህ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ። ሐኪሙ አንተ ላይ መድኃኒት ጨምሯል፤ እኔ ራሴ ላይ ሰዓት እጨምራለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃም አልቀምስ። አንተ ብላና ዋጥ።»

በማግሥቱ አያ አለምነው ቅቅል ድንች በአዋዜ በላና ኪኒኑን ዋጠ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ለሳምንታት ምንም አልታየበትም። መምሬ ማታ ማታ ከንፈራቸው ደርቆ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው በደጃችን ያልፋሉ፤ ወንድሜም በዓይኑ ይሸኛቸዋል። ሆሳዕና ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ሳያዘው ተነሣ። ውኃ በጣሳ ቀድቶ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግሥት ደግሞ በሬዎቹን አወጣ። ትልሙ ጠማማ ነበር። አባታችን ዳር ቆሞ አየው፤ የእኩል አራሹን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣም።

ያዳነው ኪኒኑ ነው ወይስ መምሬ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው ሳቀ። «ኪኒኑን አናቋርጥ፤ ሽማግሌውንም አደራ» አለኝ።

መምሬ ካረፉ ቆይተዋል። ባረፉ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ወንድሜ ኪኒኑን በእጁ ይዞ «የእኔን አሁን ማን ይጾምልኛል?» አለ። እናቴ ጾሙን ተቀበለችው። እሷም አለፈች።

ይህንን ሁሉ ለእኒያ ሴት ሰልፉ ላይ ነገርኋቸው። ሁለተኛውንም መድኃኒት ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። የሁዳዴው መፍቻ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ከስንቃቸው የሽምብራ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

«ምነው እቴ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ» አሉኝ።

«የእኔስ ተፈቷል» አልኋቸው። «የወንድሜ ገና ነው።»