ለአራቱም ሦስት የሰጠሁበት ቅዳሜ

ወንድሜ ቢራ ጠመቃ ተምሮ ከናይሮቢ ሲመለስ ምንም አላልኩም። ጉድ የሠራኝ ያ ዝምታዬ ነው። በወሩ፣ እናታችን ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ትታልን ያለፈችው ቤት ጓሮ በበርሜልና በቱቦ ተሞላ። እኔ ከፊት ጨርቅ እሸጣለሁ፣ ከኋላ ብቅል ይሸተኛል። ደንበኞቼ ደግሞ አብዛኞቹ መጠጥ ካለበት የማይደርሱ ሙስሊሞች ናቸው። ይሄን ስነግረው «ይለምዱታል እትዬ» ይለኛል። የለመዱትስ ሌላ ሱቅ መሄዱን ነው።

ይባስ ብሎ ቤቱን እንሽጥ አለ። ትልቅ መጥመቂያ ሊገዛበት! እዚያ ቤት ተወልጄ እዚያው ጠጉሬ ሸብቷል። ስንጨቃጨቅ ሰንብተን በመጨረሻ ተስማማን፤ ሰው ጠርቶ ያስቀምሳል፣ ቢራው ካልተወደደ የቤቱን ነገር እርግፍ አድርጎ ይተዋል። የሰፈራችንን ሰው እያወቅኩ ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስካሁን ይገርመኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰው መጣ። አራት ዓይነት ቢራ አቀረበና ለእኔም ጭምር ወረቀት አደለን። ስም አይጻፍበትም፤ ለእያንዳንዱ ቢራ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። «አንድ አንድ ጉንጭ ቅመሱና እዚህ ባልዲ ውስጥ ትፉት» አለ። ናይሮቢ እንደዚያ ነው አሉ የሚቀመሰው። የጋበዘህን ሰው መጠጥ ፊቱ ልትተፋ ነው እንግዲህ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ብርጭቋቸውን ጭልጥ አደረጉት። ወንድሜም ባዶ ብርጭቆ አይቶ የሚያልፍበት አንጀት የለውም፣ ናይሮቢ ያንን አላስተወውም፤ ሞላላቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን የሚያስታውስ አልነበረም።

ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ ሹፌር አጠገቤ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ሲጎነጭ ፊቱ ሲኮማተር በዓይኔ አይቻለሁ። በጉድጓድ ውሃ ስለተጠመቀ ጨው ጨው ይላል። ወንድሜ ቀና ብሎ ሲያየው ግን በተሰባበረ ስዋሂሊው «ታሙ ሳና፣ በጣም ይጣፍጣል» አለው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኛን ሰፈር ሰው ሆድ ግን ብቅልም አልቻለው።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ ለአራቱም አሥር፣ ለአራቱም አሥር። ሹፌሩማ፣ ሲጽፍ አይቼዋለሁ፣ ለአራቱም አሥራ አንድ። እርር አልኩ። በሰው ይሉኝታ ቤቴ ሊሸጥ ነው።

አንድ ወረቀት ብቻ ለአራቱም ሦስት ይላል።

እንግዶቹ እንደወጡ ወረቀቱን ይዞ ሱቅ ውስጥ መጣ። ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ።

«ስም የለበትም።»

«እትዬ፣ ቁጥር መጻፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ የኔ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

«እነሱ ለሁሉም አሥር ሰጡ፣ አንቺ ለሁሉም ሦስት ሰጠሽ። የቀመሰው ማን ነው ታዲያ?»

ልብ ብዬ የቀመስኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የቀሩትን ግን የእናቴን ቤት ግድግዳ እያየሁ በንዴት ነው ያወራረድኳቸው።

ወደ ጓሮ ወስዶኝ አራተኛውን፣ ከማሽላና ከማር የጠመቀውን፣ ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «የነሱን ወረቀት ተይው። የምሰማው አንቺን ነው። አይረባም ካልሽ ቤቱ አይሸጥም» አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ብርጭቆ ያጥብ ጀመር።

ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ። አይረባም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ አንዲት ቃል። ተጎነጨሁ። ጥሩ ነበር። ደግሜ ተጎነጨሁ፣ ያው ነው። ልጠላው ብል እምቢ አለኝ። ይህ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ናይሮቢ ሲንከራተት ምን እየሠራ እንደነበር ያኔ ገባኝ፣ መግባቱም አናደደኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ዞር አላለም። እጁ ብቻ ውሃው ውስጥ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ደላላው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።