የገበያነሽ ሦስተኛ ፊልም

ገበያነሽ ዳባት ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ ልጇ ደምለው ነው። የሰው አረማመድና ኩርፊያ እየቀዳች ጠጪውን በሳቅ ስታፈርስ፣ ካድሬው ማዕረግ አያትና ለቅስቀሳ ፊልም መረጣት።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። አመሻሽ ላይ በእህል መጋዘኑ ግድግዳ አንሶላ ይወጠራል፤ ማዕረግ ማይክሮፎን ይዞ ሁሉም የሚናገረውን እሱ ይናገርላቸዋል። በመጀመሪያው ፊልም ውሃ አፍልታ ጠጣች፤ በሁለተኛው ፊደል ቆጠረች። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ልጆች «ፊደሏ መጣች!» እያሉ ተከተሏት። ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሏት ነበር።

በሦስተኛው ልጇን ወደ ግንባር የምትሸኝ እናት ሆነች። «ይህን ሥሪልኝ እንጂ ደምለውን ማንም አይነካብሽም» ብሏታል ማዕረግ። ልጅ የሆነላት አንድ የኪነት ተወዛዋዥ ነው። «ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ሲላት፣ ሌላ የምትለው ቢቸግራት አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ማይክሮፎኑ ግን፣ «አንድ ልጄን ለእናት አገሬ ሰጠሁ!» አለ።

በዓመቱ ማዕረግ ተዛወረ፤ የደምለው ስም ከምልምሎቹ መካከል ተነበበ። ገበያነሽ ቀበሌ ሮጠች።

«አንዴ ሰጥተሽ ልትነሺን ነው?» አላት ሊቀ መንበሩ ዋሴ።

«ጋሼ ዋሴ፣ ያ እኮ ጨዋታ ነው! አቡነ ዘበሰማያት ነበር የምለው!»

«እሱስ ‹ይኩን ፈቃድከ› ይል የለም?» አለ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ዋሴ ግን ሳቁ ሲበርድ፣ አንድ ልጅ መሆኑን ሦስት ጎረቤት ከማለላት እንደሚተውላት ነገራት። ሁለቱ ማሉ። ሦስተኛዋ በለጠች ነበረች፤ ደምለውን ያዋለደችው።

በለጠች ምስር እየለቀመች ቀና አላለችም። «የእኔው ልጅ፣ ሰጠኝ፣ ያንን ፊልም አይቶ በማግሥቱ በእግሩ ሄዶ ተመዘገበ። ‹እትዬ ገበያነሽ እንኳ ሸኝታ የለም?› አለኝ። ይኸው ደብዳቤ እንኳ የለ።»

«በለጡ፣ በማርያም! በእጅሽ የተቀበልሽው ልጅ ነው!»

«ተቀብዬዋለሁ። አልምልም።»

ደምለው በሦስተኛው ቀን ተጫነ። ገበያነሽ ከመኪናው ኋላ ሮጠች። ስትመለስ በለጠች ደጇ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አገኘቻት።

«ስትሮጪ አየሁሽ። ተነሽ» አለቻት በለጠች፣ «ጎንደር፣ ምልምሎቹ ካሉበት ካምፕ ድረስ ሄጄ እምላለሁ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ጎንደር ወረዱ። በለጠች ካምፑ በር ላይ ለቆመው ወታደር እጇን አነሣች። «ይህችን ሴት አውቃታለሁ። እኔው ነኝ ያዋለድኳት። ከደምለው በቀር ልጅ የላትም፤ እግዜርን!»

«የዳባቶቹ ሌሊቱን ወጥተዋል፣ እናቴ» አለ ወታደሩ።

በለጠች ግን እጇን አላወረደችም፤ እንደ አዲስ ከሥሩ ጀምራ ትምል ነበር።