መድን ይዤ ወደ ራቤል

ዓርብ ንጋት ላይ አማትቤ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። የከብት መድን የምሸጥ ባለፈቃድ ወኪል ከሆንኩ ሁለት ወር አልፎኛል፤ እስካሁን አንድም ሰው አልፈረመልኝም። ወኪል ደመወዝ የለውም፤ ሲሸጥ ነው የሚበላው። ቦንጋ ላለችው እናቴ “ይህ ጉዞ ካልቀናኝ ፈቃዱን መልሼ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ” ብያታለሁ። እሷ እንኳ ደስ ሳይላት አልቀረም።

አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ጥር ነውና እርሻው ታጭዷል፤ የገብስ ክምር በየአውድማው ቆሟል። መሐል ሜዳ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ በመቶ ብር በላሁ፤ አልጋ በሦስት መቶ ያዝኩ። ብርድ ልብስ አስጨምሬም እግሬ አልሞቀም።

ቅዳሜ

በግ ተራ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ሁለት ሙክት ይዘው ቆመዋል። በሥልጠናው እንደተማርኩት “እነዚህ በጎች ድንገት ቢሞቱብዎት ምን ያደርጋሉ?” አልኳቸው።

“እስኪ መጀመሪያ ገዢ ይምጣ፤ ከዚያ ወዲያ የሱ ጉዳይ ነው” አሉና ፊታቸውን አዞሩ። “ደግሞ በጠዋቱ ሟርት አትናገሪብኝ፤ ወዲያ በይ።”

ወዲያ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ራቤል ስንጓዝ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ በለጥ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የጓሳውን ሣር እያዩ “ማደሪያ አለሽ?” አሉኝ። የለኝም አልኩ። “እንግዲያ የእግዜር እንግዳ ነሽ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለን፤ ይህን ነገርሽን ለሽማግሌዎቹ ትነግሪያለሽ።”

እሑድ

ሰንበቴው ቤት የገብስ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ተነሺ ተባልኩ። ስለ መድኑ የቻልኩትን ያህል አስረዳሁ። የሰንበቴው መሪ አባባ ታደገ አዳምጠው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ፣ እኛ አገር የአንዱ በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበር ይታረዳል። ሥጋውን መደብ መደብ አድርገን እንገዛዋለን፤ ባለቤቱ በገንዘቡ ሌላ በሬ ይተካል። ያንቺው ምን ጨመረልን?”

አንገቴን ደፋሁ፤ ቦንጋ የሚወስደው አውቶቡስ ታየኝ።

“ሁዳዴ ላይ ቢሰበርስ?” አሉ እትዬ በለጥ ከጥግ።

“እስከ ፋሲካ ይታገሣላ!” አለ አንዱ። ቤቱ ሳቀ።

“የእኔው አልታገሠም።”

በሬያቸው የተሰበረው አምና በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ነው አሉ፤ ሥጋ የሚገዛ ክርስቲያን ከየት ይምጣ? ቆዳውን ይዘው ቀሩ፤ እርሻቸውንም ለእኩል፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር ሊካፈሉ፣ ሰጡ።

“ቋንጣ አድርጊው ብለንሽ ነበር እኮ” አለ ያው የቀለደው ሰው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ቋንጣ ያርሳል እንዴ?”

አባባ ታደገ ወደኔ ዞሩ። “ያንቺው መድን ይጾማል?”

“አይጾምም፣ አባባ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እቁብ አይምሰላችሁ። በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦን፣ በሬው ካልሞተ ተመልሶ አይመጣም።” ይህን ሳልናገር ባስፈርም ቁርባኔን በምን ፊት እቀበላለሁ?

“ያልሞተ በሬ እያረሰ ይመልሰዋል” አሉ አባባ ታደገ። “ሁዳዴ እኮ ደረሰ። አምጪ ወረቀትሽን።”

እትዬ በለጥ ላሳደጉት ወይፈን ቀድመው በጣታቸው ፈረሙ። አሥራ አንድ ሰው ተከተላቸው። ከቤት ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ ሰገድኩ።

መመለሻ

ሰኞ የእንስሳት ሐኪሙ ከብቶቹን መርምሮ ጆሯቸው ላይ ቁጥር አደረገ። ማክሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ሰው መከራውን የሚካፈልበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ የእኔ ሥራ ሥርዓታቸው የማይደርስበትን ቀን መጠየቅ ኖሯል። እኔ ግን ሳልጠይቅ ላስተምር ሄጄ ነበር።

የኪራይ ቤቴን ከፍቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እናቴ ደወለች።

“መቼ ነው የምትመጪው?”

“ለፋሲካ” አልኳት፤ “ጠይቄሽ እመለሳለሁ።”