አራቱ ወለተ ማርያሞች

ይህ የሆነው ከርቱም ውስጥ ተኩስ ከተጀመረ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ይህን ግን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ስልኬ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ አራት ወለተ ማርያሞች አሉ።

በዚያን ጊዜ ማዮ በሚባል የከርቱም ሰፈር ገበያ ዳር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጥ ነበር። የምሸጠው ይህንኑ ብቻ ነው፤ የስልክ ሆድ ከፍቼ አላውቅም። የሰፈሩ ሐበሻ ግን “ባሽሙሐንዲስ” ይለኝ ነበር፤ ሱዳኖች ኢንጂነርን የሚጠሩት እንዲህ ብለው ነው። ስልኩ እምቢ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም አላውቅም ማለት ስለሚከብደኝ ስልኩን አጠፋና መልሼ አበራዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ጦርነቱ እንደጀመረ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል ሆነ። ጎረቤቴ ኡስታዛ ሰልማ ኮምፒውተር የምታስተምር ሱዳናዊት ናት። ከተማውን ለቅቃ ወደ ዘመዶቿ ከመሄዷ በፊት አንድ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ፕሮግራሙ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ኢንተርኔት ካለ በእሱ ይሠራል፤ ከሌለ ደግሞ ሁለት ስልኮች ሲቀራረቡ መልእክቱን በቀጥታ ይቀባበላሉ። መሃል ላይ ሆኖ የሚያይ፣ የሚያስቀምጥ ድርጅት የለበትም። ሩቅ ላለ ሰው የተጻፈውን ደግሞ ፕሮግራሙን የጫነ፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሌላ ሰው በኪሱ ባለው ስልክ ያደርሰዋል።

“በእግሩ ነው የሚሄደው ማለት ነው?” አልኳት።

“አይዋ። ግን መንገድ ላይ ማንም አይከፍተውም” አለችኝ።

አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ እውነተኛ ስማችንንና ያለንበትን ቦታ እንዳንጽፍ ነው። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል፤ በአንዱ ስልክ ሰበብ ሌላው መያዝ የለበትም። የይለፍ ቃሉን የረሳ ደግሞ ረሳው ነው፤ የሚያስታውስለት አካል የለም። እሷ ይህን ስትነግረኝ እኔ ሁሉም ነገር እንደገባኝ ሰው ራሴን እነቀንቅ ነበር።

በቀጣዩ ጁምዓ ወደ እትዬ ትርንጎ ግቢ ሄድኩ። እትዬ ትርንጎ ማዮ ውስጥ ያረጁ የጎንደር ሴት ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉት እሳቸው ዘንድ ነው። ኔትወርክ ፈጽሞ ሊጠፋ ነው የሚባለውን ሰምተው ስለነበር ስልካቸውን ይዘው ከበቡኝ።

መጫኑ ወሬ ብቻ ሲሆን ነው ቀላል። ፕሮግራሙን ከእኔ ስልክ ሳስተላልፍላቸው፣ ስልኩ ራሱ “ምንጩ ያልታወቀ ነው፣ ሊጎዳ ይችላል” የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ጽጌ ይህን ስታይ ስልኳን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ፈንጠር ብላ ቆመች። አዳነች የይለፍ ቃሏን ጽፋ ሳትጨርስ ረሳችው። አጥፍተን እንደገና ጫንን፤ እንደገና ረሳችው። መተዋወቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ስልኮቻቸውን ፊት ለፊት ደቅነው አንዱ የሌላውን ምልክት በካሜራ ማንበብ አለበት። እነሱ ይሳሳቃሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራው አያነብም።

ስም መጻፊያው ላይ ስንደርስ “እውነተኛ ስማችሁን እንዳትጽፉ። ማንም የማያውቀውን ስም ጻፉ” አልኩ።

“ማንም የማያውቀውን?” አሉ እትዬ ትርንጎ።

“አዎ። ፖሊስም፣ ማዳማችሁም፣ መታወቂያችሁም የማያውቀውን።”

 ከዚያ ሁሉም ስክሪናቸውን በሻርፓቸው ከአጠገባቸው ሰው እየከለሉ ጻፉ። ያለ ጭቅጭቅ የሆነ ነገር እሱ ብቻ ነበር። በስተመጨረሻ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን ስከፍት አራት ወለተ ማርያም፣ ሁለት ወለተ ጊዮርጊስ፣ አንዲት ወለተ ሥላሴ አገኘሁ። ሁሉም የክርስትና ስም ነው የጻፉት። አልፈርድባቸውም። የክርስትና ስም ከነፍስ አባት በቀር ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው ድግምት እንዳያደርግበት ከልጅነታችን ጀምሮ ደብቀን የያዝነው ነው። ማንም የማያውቀው ስም አምጡ ሲባሉ ያላቸውን አመጡ። ለውጡት ብላቸው “ሌላ ምስጢር የለንም” አሉኝ። የትኛዋ ማን እንደሆነች ብጠይቅም “ታዲያ ምስጢርነቱ ምኑ ላይ ነው?” ብለው ዘጉኝ። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ስም እዚህ አልናገርም።

ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። የሚገርመው ፕሮግራሙ ሠራ። ዱቄት የት እንደተገኘ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን ደህና እንዳደረ ከስልክ ስልክ እየዘለለ ይደርሰን ጀመር። የከተማውን የምሥራቅ ክፍል ወሬ የሚያመጡልን ጋሽ ተስፉ ነበሩ። ጋሽ ተስፉ አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ባለቤቶቹ ጥለውት የሸሹትን ቤት ይጠብቃሉ፤ በየሁለት ቀኑ በአህያ ጋሪ ዱቄት ሊገዙ ማዮ ይመጣሉ። ፕሮግራሙን እንደ ሁላችንም ጭነንላቸዋል፤ እሳቸው ግን አይከፍቱትም። ስልካቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡት ሰዓት ለማየት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ተስፉ ጋሪያቸውን ሱቄ በር ላይ እንዳቆሙ ስልኬ ጮኸ። እንዲህ ይላል፦ “ወለተ ማርያም፦ ሰዎቹ ለሁለት ቀን ነው ብለው ሄደው አልተመለሱም። የግቢውን በር ከውጭ በሰንሰለት ቆልፈውታል። የጋኑ ውሃ እያለቀ ነው።”

ሱቄን ዘግቼ ወደ እትዬ ትርንጎ ግቢ ሮጥኩ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሴቶች ማዳሞቻቸው ሲሸሹ እሳቸው ግቢ ተጠግተው ነበር። መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩና “ወለተ ማርያም የሆነች እጇን ታውጣ” አልኩ። ተያዩ። መጀመሪያ እትዬ ትርንጎ ራሳቸው፣ ቀጥላ አዳነች፣ በመጨረሻ ጽጌ እጇን አወጣች። አራተኛዋ የለችም። ከግቢው የጎደሉትን መቁጠር ጀመርን። ወደ ገዳሪፍ የወጡ አሉ። አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ትሠራ የነበረችው ዘሃራ ማዳሟ ወደ ግብፅ ይዛት ልትሄድ ስለሆነ አልቅሳ ተሰናብታናለች። ስንቆጥር ስንቆጥር ወለተ ማርያም ልትሆን የምትችል አንዲትም አጣን።

“ማን ነሽ? የት ነሽ?” ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ በጋሽ ተስፉ ኪስ ሆኖ በአህያ ፍጥነት ሄደ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን በዚያው ኪስ መጣ፦ “ስምና ቦታ አትጻፉ ተብለናል። ስልኩ አሁን በማን እጅ እንዳለ በምን አውቃለሁ? ወለተ ማርያም ነኝ። ከትናንት ጀምሮ የምጠጣው ለአበባ የተጠራቀመውን ነው።”

ተናደድኩ። የተናደድኩት ያስተማርኩትን በትክክል ስለፈጸመች ነው። ቀጥሎ ፈራሁ። ሌላ ጥያቄ ብልክ መልሱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የአበባ ውሃ ደግሞ ሁለት ቀን አይቆይም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መልእክቷ ጋሽ ተስፉ ኪስ ሊገባ የሚችለው እሳቸው በቅርቧ ሲያልፉ ነው። ቅርብ ያለ ሰው ደግሞ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራለታል። የጋሪውን መንገድ ይዞ፣ ስልኩን እያየ የሚሄድ ሰው ካለ ትገኛለች ማለት ነው። ሐሳቡን ለሴቶቹ ስነግራቸው የሚሄደው ሰው እኔ እንደምሆን አላሰብኩበትም ነበር።

“ባሽሙሐንዲስ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ እትዬ ትርንጎ። “ያላ፣ ተነሳ!”

ጋሪው ላይ ወጣሁ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ከጋሽ ተስፉ ጎን ተቀመጥኩ። አል-ጣኢፍ ልንደርስ ስንል መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። አንደኛው ስልኬን ተቀብሎ ዝርዝሩን አየ። አማርኛ አያነብም፤ ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች መደርደሩን አስተውሏል።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለኝ በዓረብኛ።

“ስም ነው።”

“ይኼስ?”

“እሱም ስም ነው። ያው ስም።”

“የማን?”

“የአራት ሴቶች” አልኩ። እውነቴን ነው፤ ውሸት አልመጣልኝም።

 “አርባዓ?” አለ አራት ጣቱን አውጥቶ፤ ጓደኛውንም ጠርቶ ስልኩን አሳየው። ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። “ወላሂ፣ ሐበሽ!” ብሎ ስልኬን መለሰልኝና በእጁ እለፉ አለን።

አል-ጣኢፍ ውስጥ መንገዱ ጭር ብሏል። ትልልቅ አጥሮች፣ ተቆልፈው የቀሩ በሮች። በቀስታ እየሄድን ሳለ ከአንዷ ወለተ ማርያም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በራ። ጥቂት ስንሄድ ጠፋ። አህያውን አዞርነው፤ በራ። ወዲያና ወዲህ ስንል ቆይተን ሰንሰለት የተጠመጠመበት አንድ የብረት በር ፊት ቆምን።

“ወለተ ማርያም!” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ።

“ማነው?” አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

“እኛ ነን፣ ከማዮ። ወለተ ማርያም አለች?”

 “እኔ ዘሃራ ነኝ” አለ ድምፁ።

“ይቅርታ እህቴ፣ የምንፈልገው ሌላ ሰው ነው” አሉ ጋሽ ተስፉ በትሕትና፤ አህያውንም አዞሩት። እኔም፣ የእኛዋ ዘሃራ ግብፅ ገብታለች ብዬ ስለማምን፣ አረንጓዴውን ነጥብ በእጄ ይዤ ተከተልኳቸው።

በሩ በሁለት እጅ ተደበደበ። “ወለተ ማርያም እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ! እንዳትሄዱ!”

ስሙን ስትጽፈው ሰነበተች እንጂ ማንም ጠርቷት አያውቅም ነበርና በመጀመሪያው ጥሪ አላወቀችውም።

ጩኸቱን ሰምተው ከፊት ለፊት ቤት አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ወጡ። “ፊ ዞል ጁዋ?” አሉ፤ ውስጥ ሰው አለ እንዴ ማለታቸው ነው። ቤቱ ባዶ መስሏቸው እዚያው ፊት ለፊት ከርመዋል። እሷ የታጠቁ ሰዎች እንዳይሰሟት ፈርታ አልጮኸችም፤ እሳቸውም በዚያው ፍርሃት በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ውሃ የሞላበት ጠርሙስና የብረት መጋዝ ይዘው መጡ። ጠርሙሱን በበሩ ሥር አሾለክንላት። ስትጠጣ ይሰማን ነበር። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ሰንሰለቱን በየተራ ገዘገዝነው።

ስትወጣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስልኳ ግን ሙሉ ቻርጅ አለው። ቤቱ ሶላር ነበረው፤ ውሃ ግን በሶላር አይመጣም። ማዳሟ ግብፅ ይዣት እሄዳለሁ ያለችው ቀርቶ ቤቱን እንድትጠብቅ ቆልፋባት ሄዳለች።

“ቆይ፣ አንቺ የወሎ እስላም አይደለሽ? ወለተ ማርያም የሆንሽው እንዴት ነው?” አልኳት።

“ማንም የማያውቀውን ስም ጻፉ አልክ። እኔ የክርስትና ስም ከየት ላምጣ? እትዬ ትርንጎ አጠገቤ ነበሩ፣ የጻፉትን አይቼ ጻፍኩ።”

“የሰው ምስጢር?” አሉ ጋሽ ተስፉ ደንግጠው።

“ለማንም አልተናገርኩም እኮ” አለቻቸው።

ማዮ ስንደርስ እትዬ ትርንጎ አቅፈው ብዙ አለቀሱባት። ጉዳዩን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ተቆጡ። ቆይተው “እንግዲህ በስሜ ከተረፍሽ ይሁንልሽ፣ ያዢው” አሏት። እሷም ያዘችው።

ዛሬ ዘሃራ ወሎ፣ እናቷ ዘንድ ናት። እኔ አሁንም ከርቱም ነኝ፤ ቻርጀር እሸጣለሁ፣ ባሽሙሐንዲስ ይሉኛል። ታሪኩን ለሰው ሳወራ እስቃለሁ። ግን “የምንፈልገው ሌላ ሰው ነው” ብለን አህያውን ያዞርንባት ጊዜ ላይ ስደርስ ሳቄ ይቆማል። በሩን ባትደበድበው እንሄድ ነበር። ይህ አሁንም ያስፈራኛል።

ባለፈው አረፋ፣ ኔትወርክ ስለነበር፣ በዚያው ፕሮግራም “ኢድ ሙባረክ ዘሃራ” ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ። “ስም አትጻፍ” ይላል።