በአቡነ ዘበሰማያት የተለካ ልብ

በዚያ ቀን በቤቴ የነበርነው ሰባት ነን፤ ባለቤቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የንስሐ አባታችን፣ አጥብቀው እንዲይዙኝ የተጠሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ ብረት የሚያግሉት ሽማግሌና እኔ። ስምንተኛዋ፣ መሐል ሜዳ በጤና ባለሙያነት የምትሠራው የወንድሜ ልጅ፣ ዘግይታ ደረሰች። አንገቴን በጋለ ብረት ሊተኩሱኝ ነበር።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ በነበረው ክረምት ከባድ ጉንፋን መንዝን አዳርሶ ነበር። እኔም ታምሜ ተነሣሁ። ሳምንታት ቆይቶ ግን የጉሮሮዬ ግርጌ አበጠ፤ ሲነኩት ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቃል። ከሳሁ፤ በዚያ ብርድ ያልበኝ ጀመር። የከፋው የእጄ መንቀጥቀጥ ነው። ቁም ጸሐፊ ነኝ፤ በብራና የጀመርሁት መጽሐፍ እኩሌታው ላይ ቆሟል። እጄ ካልረጋ ሥራዬ አበቃ።

ለልቤ አልሠጋሁም። ሰዓት ስላልነበረኝ ከወጣትነቴ ጀምሮ ትርታዬን የምለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሜ እስክጨርስ ስንት እንደመታ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ከጤናዬ ዘመን እምብዛም አልተለየም። ስለዚህ «ልቤ ደኅና ነው፤ ነገሩ ያለው እብጠቱ ላይ ብቻ ነው» አልኋቸው። ብረቱ እሳት የገባው በእኔ ቃል ነው።

የወንድሜ ልጅ ሳትቀመጥ የእጄን አንጓ ያዘች።

«እስቲ እንደሚለኩት ይድገሙልኝ፣ አጎቴ።»

ደገምሁ። ሰዓቷን አይታ ሣቀች።

«አጎቴ፣ ጸሎቱን እኮ እያስጋለቡት ነው! አባ፣ እርስዎ ይድገሙ፤ እሳቸው ይቁጠሩ።»

የንስሐ አባቴ እንደ ልማዳቸው በዝግታ ደገሙ። «አሜን» ሲሉ ቁጥሬ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ለካስ ከልቤ ጋር ምላሴም ፈጥኖ ኖሯል፤ መለኪያው ከሚለካው ጋር አብሮ ታሟል።

«ይህ ያ ጉንፋን የተወብዎት ነው» አለች የወንድሜ ልጅ አንገቴን ዳስሳ።

«ጉንፋኑ ለቆኝ የለምን?» አልኋት።

«ለቆዎታል። ነገር ግን ጉሮሮዎ ሥር ሆርሞን የሚያመነጭ፣ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። አንዳንድ ጊዜ ከጉንፋን ቫይረስ በኋላ ይቆጣል፤ ያጠራቀመውንም ሆርሞን ወደ ደም ይለቀዋል። ልብዎን የሚያስሮጠው፣ እጅዎን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ይመስለኛል። ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ብርድና ድካም ይመጣል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ይድናል። ብረት ምንም አያደርግለትም። ነገ ደብረ ብርሃን ሄደን ደምዎ ይመርመር።»

«ብረቱ ግሏል እኮ፤ ማንን ልተኩስበት?» አሉ ሽማግሌው።

«የራስህን ምላስ» አሏቸው አባ።

ምርመራው ግምቷን አጸና። በሁለተኛው ወር መንቀጥቀጡ ተወኝ፤ እንዳለችውም በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቤ የምንዘፈዘፍ፣ ቃል ለማውጣት የምሰንፍ ሰው ሆንሁ። በዚያ ድካም ውስጥ እንኳ፣ ዓይን የማያየው ነገር የሰውን ጸሎት እንዴት ሊያፋጥን ቻለ እያልሁ አሰላስል ነበር።

በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ አባ መጥተው ይደግማሉ፤ ባለቤቴ አንጓዬን ይዛ ትቆጥራለች፤ እኔ አፌን እንዳልከፍት ተከልክያለሁ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ሁለት እሑድ ጸና። ብዕሬን ነክሬ አንድ መስመር ጻፍሁ፤ ቀጥ አለ። ከስምንታችን ያን መስመር ለማየት በቤቱ የተገኘነው ሦስት ብቻ ነበርን፤ ባለቤቴ፣ አባና እኔ።